የሁለተኛው ክፍል ተርጓሚ

ቆቦ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ውድ ሙህሲን፣

የሄድህ ዕለት በአውቶቡሱ መስኮት አንገትህን አውጥተህ፣ «ጋሼ፣ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ሲመጣ አይተው ይጻፉልኝ። ልጁን አበላሽተውት እንደሆነ እንዳይደብቁኝ!» ብለኸኝ ነበር። እናትህ ኡሙሃኒ ስለ ስንቅህ ስትጨነቅ፣ አንተ የምታስበው ስለዚያ ጭንብል ለባሽ ጎረምሳ መሆኑ አስቆኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል መጥቷል፤ አይቼዋለሁም። ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው ባላውቅም የገባሁልህን ቃል ልጠብቅ።

በቅድሚያ ስለ ፊልሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ይጮኻል፤ የሚናገረው ግን ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ ከአክስቱ አሮጌ መጋረጃ ጭንብሉን ቆርጦ ሲሰፋ መርፌው ወግቶት፣ ተመልካቹ በሙሉ አብሮት «ውይ!» ብሎ ነበር። አሁን አንድ ባለጸጋ ጥይት የማይበሳው የሚያብረቀርቅ ልብስ አልብሶታል፤ ስለዚህ አንድም ጊዜ አልፈራሁለትም። ሕንፃዎች ይናዳሉ፤ ከሥራቸው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። ባላንጣው ግን ተሻሽሏል። ልጁን ያጣ አባት ነውና ክፋቱ ያሳዝናል። ተዋናዩም አድጓል፤ ድምፁ ጎርንኗል፤ ዓይኑ ላይ ያ የድሮው ድንጋጤ አሁንም አለ።

ይህን ሁሉ የታዘብኩት በሥራ ምክንያት ነው። ተማሪዎች ከትምህርት እየቀሩ ነው ብለው ወላጆች ስላማረሩ፣ ቪዲዮ ቤቶቹ ከፋሲካ ጀምሮ ተዘግተው ቆይተዋል። ፊልሞቹን ገምግሞ ሐሳብ የሚያቀርበውን ኮሚቴ እንድመራ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ይድነቃቸው በሩ ላይ ተቀብሎኝ፣ «አንቱን ትኬት አልጠይቅም፤ ቢያፏጩ ግን እንደማንኛውም ጎረምሳ አስወጣዎታለሁ» አለኝ።

ቀትር ነበር። ውጭ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሐሩር፤ ውስጡ ግን መስኮቱ በጆንያ ተጋርዶ እንደ ጉድጓድ ጨልሟል፤ እንደ ጉድጓድም ይበርዳል። ይድነቃቸው ዲስኩን ከተተ። ሙዚቃው እንዳለቀ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይኼ የኛ ልጅ ተመልሶ መጣላችሁ» አለ።

ድምፁ የአንተ ነበር።

አልተጠራጠርኩም። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክሮፎን ይዘህ ስትተረጉም፣ ያንን ሩቅ ከተማ ቆቦ አድርገህ፣ ልጁን ከግመል ተራ እስከ እህል ተራ ስታዘልለው ስንት ቅዳሜ ሰምቼሃለሁ! እንግሊዝኛህ እዚያ እንደማያደርስህ አስተማሪህ ነበርኩና አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ከራስህ ትፈጥር ነበር፤ የፈጠርከውም ከእውነተኛው ይሻል ነበር።

ደስታዬ ግን ፈጥኖ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። በመስከረም አብሮህ የሄደው በረከት ከየመን ብቻውን ተመልሷል። የተሳፈራችሁበት ጀልባ በሄዳችሁበት ወር ባሕሩ ላይ እንደተገለበጠ፣ አንተንም ውኃው ሲውጥህ በዓይኑ እንዳየ ነገረኝ። በረከት ልጅ ሳለ እንኳ ዋሽቶኝ አያውቅም። ሼሁ ከአገር ርቆ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ለዓርብ አስበው፣ የምስክሩን ቃል መዝኜ እንድነግራቸው ለእኔ ትተውት ነበር። ይህ ፊልም ደግሞ የተሠራው ጀልባው ከተገለበጠ ከዓመት በኋላ ነው።

«በረከት ተሳስቷል ማለት ነው» እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ፊልሙ ላይ ልጁ ከረጅም ጉዞ ተመልሶ የፈረሰው ሰፈሩ መሐል ቆመ። በእንግሊዝኛ «ደክሞኛል» አለ፤ ከዚያ የበለጠ አላለም። አንተ ግን ቀስ ብለህ፣ «ሾላው ወድቋል። እማ፣ ቤታችን በየት በኩል ነው?» አልክ።

«አቁመው!» ብዬ ተነሣሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ፊት የነበረውን ሾላ ነሐሴ ላይ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ነቅሎ ወስዶታል። ይድነቃቸው ዲስኩን ከጅቡቲ በአፋር በኩል ከመጣ ዕቃ ጋር የገዛው ከፋሲካ በፊት ነበር። ቤቱ ሲዘጋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት እስከዚያች ቀትር አላወጣውም።

«ታዲያ ማን ነገረው?» አልኩት።

«እኔን ይጠይቁኛል እንዴ ጋሼ?» አለ።

እናትህን ልንደብቃት አልቻልንም፤ በማግስቱ ራሷ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ባላንጣውን «ይኼ ሚዛን ሰራቂ ነጋዴ» ብለህ ስትጠራው፣ «አይ ሙህሲን! ምላስህ አሁንም አላረፈ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔና ይድነቃቸው ግን አልሳቅንም። ፊልሙ ያ ቦታ ሲደርስና ስትጠይቃት፣ ተነሥታ እጇን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አሳረፈች።

«እዚሁ ነን ልጄ። ሾላው ነው የሄደ እንጂ ቤቱማ ከቦታው አልተነቃነቀም።»

ትንፋሽህ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ እርሱም ጠፋና ልጁ በባዕድ ቋንቋ ብቻ መናገር ቀጠለ። ይድነቃቸው ዲስኩን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና ከተተው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንተ ቃል አንድም አልተገኘበትም።

ኡሙሃኒ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሼሁ ሄደች። «መንገድ እየጠየቀ ላለ ልጅ ነው የምትሰግዱለት?» አለቻቸው። እርሳቸውም ዘወር ብለው እኔን ተመለከቱ። ያለ ማስረጃ ተናግሬ የማላውቅ ሰው፣ «የምስክሩን ቃል ገና መዝኜ አልጨረስኩም» አልኩ። ሶላቱ ቀረ። በረከትን አምነዋለሁ፤ ድምፅህንም አምነዋለሁ። የሚያስፈራኝም ሁለቱን ማመኔ ነው።

ሙህሲን፣ ስለ ፊልሙ ያለኝን ነግሬሃለሁ። ኮሚቴው የሚጠብቀውን ግምገማ ግን አልፈረምኩም። መጨረሻውን በእንግሊዝኛ ተረድቼዋለሁ፤ አንተ ምን ታደርገው እንደነበር ግን አላውቅም። ስለዚህ የሚከተለውን በጥሞና አንብብ።

ከዋጃ በኩልም ሆነ ከሮቢት በኩል ብትመጣ፣ ዋናው መንገድ ላይ ውረድ። ሾላውን አትፈልገው፤ በቦታው ሥሩ የተነቀለበት ጉድጓድ አለ። ፊትህን ወደ ወንዙ አዙርና ጉድጓዱን በቀኝህ ትተህ ቁልቁል የምትወርደውን ጠባብ መንገድ ያዝ። የእናትህ በር እንደ ድሮው ሰማያዊ አይደለም፤ ከመስጊዱ በተረፈው አረንጓዴ ቀለም ቀብታዋለች፤ ከሩቅ እንድታየው ብላ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ መቀርቀሪያውን ነቅላ ጥላዋለች።

በምትመጣበት መልክ ሁሉ ግባ፤ ማንም ምንም አይጠይቅህም።

የሚጠብቅህ አስተማሪህ፣
ጌታሁን