ወንበሩ መጀመሪያ የሄደበት፦ ስለ እታለም ዕረፍት ከማኅበራችን የተሰጠ መግለጫ

የማኅበራችን የለጋሾች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣ ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የቦርድ አባላት፣ ሠራተኞችና የጥገና ባለሙያዎች በእጅጉ አዝነናል። ቢሯቸው ከጥገና ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር ስልክ ሲያወሩ እንሰማቸው ነበር፤ አሁን ዝምታው ከብዶናል።

እታለም በ2003 ዓ.ም. ማኅበሩን ሲቀላቀሉ፣ መራመድ ለተሳናቸው ወገኖች ዊልቸር ለሚያበረክቱ ሰዎች የምናቀርበው ምስጋና ማኅተም ያረፈበት ሰርተፊኬት ብቻ ነበር። እሳቸው ሰርተፊኬቱን ገልበጥ አድርገው አይተው «ይኼን የሰቀለ ሰው ወንበሩ ምን እንደሠራ በምን ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ወንበር የተረከበን ሁሉ «መጀመሪያ ወዴት ሊሄዱ ነው?» ብለው መጠየቅን ሥራዬ ብለው ያዙ። መልሱንም ለለጋሹ ደውለው ይነግሩ ነበር። ፀጉር ቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤት በር፣ የተኳረፉት ወንድም ቤት፤ አንድ ጊዜም «የትም አልሄድም፣ በረንዳ ላይ ብቻዬን ልቀመጥ ነው»። በዚያው ስልክ ተጨማሪ ልገሳ መጠየቅ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነበር። የሒሳብ ክፍላችን «አጋጣሚው እያለ» እያለ ቢወተውታቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

በ2007 ዓ.ም. አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ በሰጡት ወንበር የብረት መደገፊያ ላይ የድርጅታቸው ስም በትልቁ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ እኛም ደስ ብሎን አጻፍን። ወንበሩን የተረከበችው ተማሪ ግን በክፍል ጓደኞቿ ዘንድ «ሲሚንቶ» የሚል ስም ወጣላት። እታለም ለነጋዴው ደውለው፣ ሳይቆጡም ሳያለሳልሱም ነገሯቸው። ነጋዴው በማግስቱ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው መጥተው ቀለሙን በገዛ እጃቸው ፋቁ። እስከ ዛሬም ከማኅበሩ አልተለዩም፤ ትናንት ለቅሶ ቤት የሚያባብላቸው ጠፍቶ ነበር።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ያገለገለ ወንበር ጎማው ተቀይሮ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የመጀመሪያው ለጋሽ እንዲሰማ ያደርጉ ነበር። አንዴ ብቻ ሰጥተው ማኅበሩን የረሱ ሰዎች ስልኩን ሲያነሱ «ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው» ብለው ይጀምሩና አዲሱ ባለወንበር መጀመሪያ ወዴት እንደሄደ ጠይቀው ይዘጉት ነበር።

አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ያበረከቱት ወንበር ለአንድ ጫማ ሰፊ ሊሰጥ የታቀደው ለዛሬ ሐሙስ ነበር። በሀዘኑ ምክንያት ይተላለፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጫማ ሰፊው ግን ከደጃፋቸው ሳይወጡ ብዙ ቆይተዋል፤ እታለም ቢኖሩ አንዲት ቀን አያስጠብቋቸውም ነበር። ስለዚህ ርክክቡ ዛሬ ጠዋት ተፈጽሟል። ጥያቄውን ማን ይጠይቅ ብለን ስንተያይ፣ የእታለምን መሞት የሰሙት ጫማ ሰፊ ሳይጠየቁ «እታለም ቤት ውሰዱኝ» አሉ።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸው፣ ድምፃቸውን ለለመዱ ለጋሾቻችንና ለባልደረቦቻችን በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። እኛም የሚያጽናናን እንፈልጋለን።

ጫማ ሰፊው እኩለ ቀን ላይ ለቅሶ ቤቱ ሲደርሱ፣ የእታለም ልጅ ከተቀመጠችበት ተነሥታ የእናቷን ስልክ አነሣች። ወንበሩን ማን እንዳበረከቱት ጠይቃንም ለአዋላጇ ደወለች።

«እማማ፣ ወንበሩ መጀመሪያ የመጣው እናቴ ለቅሶ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»