የጠመንጃው ማርሚታ

ጃጁራ፣ ጥር ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአወል፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ጃርት እንሰታችንን ጨረሰው። ባለቤቴ ከድር ሲተኩስበት ሕፃኗ እየበረገገች አላስተኛ ስላለችን፣ ጠመንጃውን ሆሳዕና ጋራዥ ወስዶ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ አስበየደለት። የመኪናው ከበደው፤ የሞተር ሳይክሉን መረጠ። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሳል ሆነ።

ያለ ፈቃድ አልይዝም ብሎ ለገበሬ ማኅበሩ አመለከተ። ሊቀመንበሩ «ጠመንጃም ማርሚታ አለው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው «ፈቃዱ እስኪመጣ እኛ ጋ ይቀመጥ» ብለው ወሰዱት። ይኸው ሦስት ወር ሆነው።

በስብሰባ ላይ ከከድር ጋር ሆነው ስለ እህል ኮታው ሊቀመንበሩን የተከራከሩት ጎረቤታችን አቶ ሽብሩ፣ ቅዳሜ እርሻቸው ላይ በጥይት ተመትተው ወድቀው ተገኙ። እርሻቸው ከአጥራችን ሥር ነው፤ ተኩስ የሰማ ግን የለም። ለቅሶው ላይ እንኳ እንደ ወጉ የተኮሰ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት የከድር ፈቃድ ደረሰ። ብቻህን መጥተህ ውሰድ ተብሎ ሄደ። ማኅበሩ ቅርብ ነው፤ ጆሮዬን ጥዬ እያዳመጥኩ ነው፤ እስካሁን ምንም አልሰማሁም።

ሕፃኗ ሳትበረግግ ተኝታለች። አንተ ግን ወንድሜ፣ ድምፅህን አታጥፋብኝ።

እህትህ ነፊሳ