ከጎኔ የተተወው ቦታ

ወንድሜ፣

በጁምዓ ሶላት ጀመዓው፣ ሰጋጁ ሁሉ፣ ግራና ቀኜን ባዶ ትቶ ሲቆም አየህ፤ አይተህም ዝም አልክ። በደልህ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ሙናፊቅ፣ አስመሳይ አማኝ፣ ያልከኝንም ጭምር፣ ችዬው ነበር።

አሁን ሰላምታ። አሰላሙ ዓለይኩም። ጉሮሮህ እንዴት ሆነልህ? በምርጫው ሰሞን እንደ ሐራጅ ሻጭ ስትጮህ ከርመህ ድምፅህ መዘጋቱን ሚስትህ ነግራኛለች። ሙቅ ውኃ በማር ጠጣበት፤ ዝም ማለትም መድኃኒት ነው። ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከሱጁድ ስግደት ስነሣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። አላህ ይመስገን፣ እጄ ገና መላጊያ ይጨብጣል።

የምጽፍልህ በአፍ ብነግርህ ስለምታቋርጠኝ ነው። የሰባኪ ነገር፣ ጆሮህ ቶሎ ይደክመዋል።

ለከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር መሆኑን የነገርከኝ አውደ ሥራዬ መጥተህ ነው። ኮላው ያልደረቀ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ተነሥ ብልህ፣ “ጋሼ፣ ገና ሳልመረጥ ከወንበር ልታወርደኝ ነው?” ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝም ነበር። ከሰፈራችን አንድ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ምን ይከፋል? ከዚያ ግን የጁምዓውን ኹጥባ፣ ስብከቱን፣ ለቅስቀሳ ልታውለው እንደሆነ ነገርከኝና የመስጂዱ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ፈቃዴን ጠየቅህ። አይሆንም አልኩ።

እስልምና ለሚዛን ሕግ አለው፣ ለውርስ ሕግ አለው፣ ለጎረቤት ሕግ አለው፤ አገር ማስተዳደር ላይ ሲደርስ አፉን ይያዝ ወይ ብለህ ሞገትከኝ። እንዲህ አላልኩም። ዛሬም አልልም። እምነትህን ደጅ አስቀምጠህ ምክር ቤት ግባ ያለህ ማነው? ይዘኸው ግባ። ጉቦ ሲዘረጉልህ እጅህን የሚይዘው እሱ ነው። ሹራም የራሳችን ነው፤ ተማክሮ መሥራትን ከማንም አልተበደርንም። ያልኩህ ሌላ ነው። አንተን መምረጥ ግዴታ ነው ብለህ ከሰበክህ፣ አንተን መቃወም ኃጢአት መሆኑ ነው። ነገ የውኃውን መሥመር ወደማይገባው መንደር ብታዞረው ማን ደፍሮ ተሳስተሃል ይልሃል? ሰው ስለሚሳሳት እኮ ነው ምርጫ በየጊዜው የሚመጣው። የአላህን ስም ለብሶ የገባን ሰው ማን አውጥቶት?

አንተም ለኮሚቴው፣ “ጋሼ ጋዜጣ ሲያነብ ሲያነብ ከዳን” ብለህ አስቀህብኛል። ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ማንም አያስተወኝም።

ኮሚቴው ሳይስማማ ጁምዓ ደረሰ። መስበኪያው ሚንበር ላይ ወጣህና ለአላህ ሕግ የሚቆም ሰው ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል አልክ። አስከትለህም፣ “የሃይማኖትን አፍ ሊዘጋ የሚሻ ሙናፊቅ እዚሁ መካከላችን አለ፤ መጋዝ ይዞ” አልክ። በዚያ መስጂድ ያለው አናጢ አንድ ነው።

ለሶላት ተነሣን። እንደ ልማዴ የመጀመሪያው ሰፍ፣ ፊተኛው ረድፍ፣ ውስጥ ቆምኩ። በቀኜ የነበረው ሥጋ ሻጭ ፈቀቅ አለ። በግራዬ የነበረው ሹፌርም እግሩን የረገጡት ይመስል ሸሸ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን መቆም እንዳለብን፣ በሰፍ መካከል ክፍተት መተው ነውር እንደሆነ ያስተማርካቸው አንተው ነህ። ሃይማኖት እናስከብራለን ብለው የሶላቱን ሥርዓት አፈረሱ። አንተም እንደ ወጉ ወደ እኛ ዞርክና ሰፋችሁን አስተካክሉ፣ ክፍተት ሙሉ አልክ። አየኸኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማንም ንቅንቅ አላለም። አንድ ቃል ብትደግም ይበቃ ነበር። ፊትህን መለስክና ሶላቱን ጀመርክ።

ቀኜን የሞላልኝ ዘግይቶ የገባው ዓይነ ስውሩ ሽቶ ሻጭ ነው። በዱላው እየዳበሰ ባዶውን አገኘና ትከሻውን ከትከሻዬ ገጠመ። ሶላቱ ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ምነው ይህን ያህል ቦታ? ምንጣፉ ረጥቧል እንዴ?” አለኝ።

አልረጠበም አልኩት።

“ታዲያ ሰዎቹን ምን ነካቸው?”

“ምርጫ” አልኩት። ቤቱ እስኪደርስ ሲስቅ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም።

ደግሞ ያልሰማኸውን ልንገርህ፤ ውለታ እንድትቆጥርልኝ አይደለም። የተፎካካሪህ ሰዎች አውደ ሥራዬ ድረስ መጡ። ከረባት ያሰረው በወንበር ፋንታ የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሱሪው የእንጨት ዱቄት ለበሰ። በአዳራሻቸው ስብሰባ ላይ ወጥቼ ወንድሜ ያደረገብኝን እንድናገርላቸው ለመኑኝ። ሃይማኖትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ ባዩ እርስዎ አይደሉም ወይ አሉኝ። “እሱ ምርጫችሁን ሶላታችን ውስጥ አስገባ ብዬ ተቆጣሁ፤ እናንተ ደግሞ ሶላታችንን ምርጫችሁ ውስጥ ልታስገቡ መጣችሁ” አልኳቸው። ቁም ሣጥን ከፈለጋችሁ ልለካላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ በሩ ያውና ብዬ ሸኘኋቸው።

አሸነፍክ። እንኳን ደስ አለህ። ሚስትህ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ቤት ብቅ ይበሉ እንጂ፤ የእናት ልጅ እንዲህ ይኮራረፋል?” አለችኝ። ስትወጣ በሩን ይዛ፣ ለመሆኑ ድምፅዎን ለማን ሰጡ ብላ ጠየቀችኝ። እሷ በራሷ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም፤ የማን ጥያቄ እንደሆነ ገብቶኛል። ድምፅ ምስጢር ነው አልኳት። ለአንተም ከዚያ አልጨምርም። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ እንደቆየሁ ግን አልደብቅህም፤ አስመራጯ፣ አባት ላግዝዎት ወይ እስክትለኝ ድረስ። ተፎካካሪህ መልካም ሴት ናት ይላሉ። አላውቃትም። እኔ ደግሞ የአናጢ ነገር፣ ከውጭ ያማረ እንጨት አያታልለኝም። አንጓው የት እንዳለ፣ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ የማውቀውን እወስዳለሁ። እንከኑን ካወቅሁት ሚስማር የማልመታበትን አውቃለሁ።

አሁን የምፈልግብህ አንድ ነገር ነው። ምክር ቤት ከገባህ ከሚንበሩ ውረድ። ኹጥባውን ሌላ ሰው ያድርገው፤ ያ ድምፁ የማይሰማው መምህር እንኳ ቢሆን። ሁለቱን ከያዝክ በአንዱ ሲወቅሱህ በሌላው ትከለላለህ፤ አውቅሃለሁ። ያንን ሚንበር ጠርቤ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ቆሞ እንዲናገርበት እንጂ እንዲሸሸግበት አይደለም። ካልወረድክ በኮሚቴው ፊት እጄን አነሣለሁ። ብቻዬን ብሆንም አነሣለሁ። ተቆጥተህ ብትመጣም አላወርደውም፤ ይህንንም አንተ ታውቃለህ።

አላህ ለመናገር የሰጠህን ያህል ለመስማትም ይስጥህ። ወንበርህን የድሃ መጠጊያ ያድርገው። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ጉሮሮህንም ይማርልህ። ለእናትና ለአባታችን ዱዓ አድርግ፤ እኔም አደርጋለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልፈልግም። ለሻይ ከሆነ ና፤ ቤቱ ቤትህ ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ ከሆነ ግን ከደጅ ተመለስ። የዚያን ዕለት ነገር አንተ ብታነሣው ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ልጆችህ ቢጠይቁኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ፣ ሽማግሌ ብትልክ ሻዩን አጠጥቼ እመልሰዋለሁ። ጽፌዋለሁ፤ አበቃ። እስክቀበር ድረስ ስለእሱ ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም።

ታላቅ ወንድምህ