አንድ ትዕይንት ያልበቃው ዕርቅ

ሙሉዬ፣ አካሌ፤

ሞጣ ላይ ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት አለፈ። የቢቸናው ቤታችን እንደነበረ ነው። ልጃችን ግን አፍ ፈትታለች፤ ጋቢህን ደርባ እየጎተተች ግቢውን ትዞራለች።

የምጽፍልህ ስለ ቴአትርህ ነው። የትምህርት ቤቱን የቴአትር ክበብ ስታሠለጥን፣ ቦታው ወይም ጊዜው ሲቀየር ትዕይንቱ ይቀየራል፣ ገቢር የሚዘጋው ግን ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ሲደርስ ነው ትል ነበር። የሒሳብ መምህርቷን እኔን መድረክ ላይ ያወጣኝ ይኸው ትምህርትህ ነው።

የደም መላሾቹን ቴአትር በሦስት ገቢር ከፈልከው። በመጀመሪያው ወሰን የተጋፉ ጎረቤታሞች ይገዳደላሉ፤ በሁለተኛው ደም ይመለሳል፤ በሦስተኛው ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ይህ የመጨረሻው አንዲት ትዕይንት ብቻ ነበረው። አጠረ ብልህ፣ «ሰው ዕርቅ ካየ በኋላ ቶሎ ቤቱ መግባት ይፈልጋል» ብለህ ሳቅክ።

ሞጣ አዳራሽ ሁለተኛው ገቢር አልቆ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ አጎትህ በእርሻ ወሰን የገደለው ሰው ወንድም በጓሮ በር ገባ። አጎትህ እስር ቤት ነውና፣ ከዘመዶቹ ስም ያለውን መርጦ ነው የመጣው። ሽጉጡን ደረትህ ላይ ተኮሰ፤ ስትወድቅ ደገመህ። ራስህን ጭኔ ላይ ሳደርግ ደምህ ቀሚሴን አልፎ እግሬን አሞቀው። ከመጋረጃው ወዲያ ተመልካቹ ቴአትሩ የቀጠለ መስሎት ያጨበጭብ ነበር።

ገዳይህ ተይዞ ተፈረደበት። ወንድምህ ደሳለኝ ግን ፍርዱ አልበቃውም፤ ክላሽ ይዞ የገዳይህን ታናሽ ማሳደድ ያዘ። ለዕርቅ የመጡትን ሽማግሌዎች በዱላ በተናቸው፤ የአንዱን ቄስ ክንድ ሰበረ። እኔም ያን ጊዜ ዕርቅ የሚለውን ቃል መስማት አልፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ቢቸና ገበያ ላይ ሰውየውን አግኝቶ ጣለው። ስደርስ ፊቱን በሰደፍ እየቀጠቀጠው ነበር፤ ሰውየው ጥርሱን ከደም ጋር ይተፋል። ደሳለኝ አፈሙዙን ሲያዞርበት ክላሹን በሁለት እጄ ያዝኩት። ወርውሮ ጣለኝ። ተነሥቼ መልሼ ያዝኩት።

«አንተም ከሄድክ የሙሉቀንን ልጅ ከማን ጋር ላሳድጋት?» አልኩት።

እጁ ላላ። እዚያው አፈር ላይ ተቀምጦ እንደ ቀብርህ ቀን አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ክንዳቸው የተሰበረው ቄስም አብረው። እምቢ አልን፣ ደግመው መጡ፣ ደግመን እምቢ አልን። በመጨረሻ ደሳለኝ መስቀል ስሞ ደም ላይመልስ ማለ። እኔ ለዕርቁ የመጣችውን የገዳይህን እናት ዓይን ማየት አቃተኝ፤ ዛሬም ያቅተኛል።

ስለዚህ ሦስተኛውን ገቢርህን እንደገና ከፈልኩት። ሽማግሌዎቹ የሚባረሩበት አንድ ትዕይንት ሆነ፣ ገበያው ሌላ፣ ዕርቁ ሌላ። በዕርቁ ላይ ባሏ የሞተባት ሴት ፊቷን አዙራ ትቆማለች፤ ማንም አያስገድዳትም። ባለፈው ሰንበት ቢቸና ላይ አሳየነው። ደሳለኝ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አየ፤ ከዚያ ልጃችንን አቅፎ ወደ ቤት ወሰዳት።

አድጋ አባቴ እንዴት ሞተ ማለቷ አይቀርም። ከሰው አፍ ሳትሰማ እኔው እነግራታለሁ፤ ደሙንም አልደብቃትም። ግን የገዳይህን ስም ከማወቋ በፊት አንተ እንዴት እንደኖርክ ጠግባ ትሰማለች። ይህንን ቃሌን እስክሞት እጠብቃለሁ።

ያንተው ዓለሚቱ