ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቅሬታ

ውድ ወንድሜ አያ ዳኛው፣

እንዴት ከረምክ? ዘንድሮ የሳንጃ ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ አንተው ዘንድ ነው። እኔ ደህና ነኝ። በስልክም ሁልጊዜ የምልህ ይህንኑ ስለሆነ፣ ስልክ ላይ አልወጣ ያለኝን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ዕለት እዚህ አምባ ጊዮርጊስ ለሦስተኛ ክፍል ልጆቼ «ቅር አለኝ» የሚለውን አስተማርኩ። ትርጉሙን ከምነግራቸው በምሳሌ ይገባቸዋል ብዬ እያንዳንዳቸው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዘዝኩ። ምንይችል የሚባለው ልጅ ውሻው ጎረቤት ቤት ማደር ስለጀመረ ቅር እንዳለው ጻፈ። የሻው ደግሞ ብድግ ብሎ፣ በረዶ ባቄላችንን ስለመታው ቅር አለኝ አለ። ከኋላው የተቀመጠችው ሰርካለም ነገር አታልፍም።

«በረዶ ምን ዘመድህ ነው? ቅር የሚልህ በሰውህ ነው» አለችው።

እኔ መምህሯ ሁለት ቀን ያሰብኩበትን ማብራሪያ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ጨረሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እርስዎስ ቅር ብሎዎት አያውቅም ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣

«ምነው ቲቸር፣ ሰው የለዎትም?» አለች።

እናት አባታችን ከሞቱ ወዲህ አዝለህ ያሳደግከኝ፣ ደብተር እንዳላጣ በሰው እርሻ የዋልክ አንተ እያለህ፣ እንዴት ሰው የለኝም እላለሁ? ጠመኔ አነሣሁና «ወንድሜ በሠርጌ ቀን ስለቀረ ቅር አለኝ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አርባ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገለበጡት። ይኸው አንተ ሳትሰማው የአገሩ ልጅ ሁሉ በደብተሩ ይዞት ቤቱ ገባ።

በሠርጌ ቀን ጉልበቱን የምስመው ሰው አንተ ነበርክ። በቦታህ አጎታችን በላቸው ተቀመጠ። ስትደውልልኝ ሥራ እንደያዘህ ነገርከኝ፣ እኔም ምንም አይደል አልኩህ። ውሸቴን ነው። በኋላ ለሠርጉ የላክከውን ፍየል ያደረሰልን ጎረቤትህ አለነ ከአፉ አምልጦት፣ ጎንደር አውቶቡስ ተራ ድረስ አብረኸው መጥተህ ከዚያ እንደተመለስክ ነገረኝ። «እነሱ የተማሩ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ምን ሆኜ መሀላቸው እቀመጣለሁ» ብለሃል አሉ። አያ፣ ከመቅረትህ ይልቅ የከፋኝ ይህ ነው። እኔስ የተማርኩት በማን ሆነና ነው? ከዚያ ሁሉ እንግዳ መሀል ሌላ ሰው አልፈለግሁም፣ አንተን ነበር የምፈልገው።

ሰርካለም ገልብጣ ስትጨርስ ይህን ወንድሜ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነገርኩትም አልኳት።

«ታዲያ በምን አውቆ ይምጣ?» አለች።

ይኸው ነገርኩህ። ቅር ብሎኛል፣ አያ። በግንቦት እወልዳለሁ፤ ለልጄ ስም የምታወጣው አንተ ነህ፣ ባለቤቴም እኔም ሌላ ሰው አልጠራንም። መልስ አትጻፍልኝ፣ ሰውም አትላክብኝ። ራስህ ና።

ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቅህ እህትህ
ታየች