አሥራ ሦስት ጋቢ የያዘው ሣጥን

ጎንደር፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ የወገራን ውርጭ ቻለልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሐሳቤ ግን ሁሉ በሬያችን ዳልቻ ዘንድ ነው።

ወንድሜ በላቸው ያመጣልኝን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ምነው ይኼ በሬ እግሩን ለመስበር ቅበላ እስኪያልፍ ጠበቀ? ሳምንት ቢቀድም አገሩ ሁሉ ቅርጫ ይገባበት ነበር። አሁን እስከ ፋሲካ ሥጋ የሚቀምስ የለም፤ በቋንጣ ደግሞ ቅርጫ የሚገባ ማን አለ? በከንቱ ከሄደ ለሰኔ እርሻ ጥማድሽ ይጎድላል። የፈረንጆቹ የበረዶ ሣጥን ምን ያህል ሥጋ ይይዛል ብለሽ መጠየቅሽን ሳነብ ግን ሳቅሁም ኮራሁም። ሣጥኑን አይተሽው አታውቂ፣ የነገርሁሽ አንድ ቀን ነው። ከየት አስታወስሽው እናቴ!

የምሠራላትን የሐኪሙን ሚስት ለመንኋት። ሸጋ ሴት ናት፤ የነበራትን ጥቂት ዶሮ ጎረቤቷ ዘንድ አስቀምጣ ሣጥኑን ባዶውን ሰጠችኝ። መብራት ቢጠፋስ ብላት፣ ክዳኑ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ይቆያል አለች።

እኔ ሞኟ እንደ ጎተራ ለካሁት። ሁለት ዳውላ ጤፍ ይውጣል፣ እንግዲያው በሬው ከነቀንዱ ይገባል ብዬ ለግቢው ዘበኛ ለክንዱ ነገርሁት። የማክሰኝቱ ሰው ነው፣ ጽፌልሻለሁ፤ ቅርጫ ሲመድብ ማንም አጉረምርሞ አያውቅም። ሳቀብኝ። እህል ይፈሳል፣ ሥጋ ግን እንዳስቀመጡት ይቀመጣል፤ አጥንት ደግሞ ያለ ሥራው ቦታ ይይዛል አለኝ።

በጾም ሥጋ አምጥቶ መሞከር አይቻል። እሱ ምን አደረገ መሰለሽ? የሆስፒታሉን ሠራተኞች ዞሮ፣ ለፋሲካ ቅርጫ የሚገባ ጋቢውን ያውሰኝ አለ። እያንዳንዱን ጋቢ አጥንቱ የወጣለት የአንድ መደብ ሥጋ አሳክሎ ጠቀለለው። እጁን ብታዪለት! አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ቅዝቃዜው እንዲዞር ከዳር ከዳር ትንሽ ክፍተት እየተወ ደረደረ። አሥራ ሁለት ገባ። ከዚያ የለበሰውን የራሱን ጋቢ አወለቀና አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ጠቀጠቀው፤ ክዳኑ ገጠመ።

እንግዲህ ዳልቻ እንደ ክንዱ ግምት አሥራ ስድስት መደብ ይወጣዋል። ሐሙስ ማታ ይታረድ፣ ሥጋው በውርጩ ይደር፣ አጥንቱ ይውጣና አሥራ ሦስቱን በላቸው በማለዳ በእህል ማኪና ያምጣው። ሦስቱን ቋንጣ አድርጊው። ጋቢ ያዋሰ ሁሉ የመደቡን ገንዘብ ሊከፍል ቃሉን ሰጥቷል፤ በዚያ ገንዘብ በፋሲካ ማግስት ወይፈን ይገዛልሻል።

ሲጥሉት ግን አጠገቡ አትቁሚ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያኖረን እሱ ነው፤ እኔም ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ።

ኃጢአት ይሆን ብለሽም አትስጊ፤ ጾም በአፍ እንጂ በሣጥን አይፈርስም። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ሲያነቡልሽ ቢቆጡ ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ስለሚያነቡልሽም ሁሉን አልጽፍም።

ጋቢዎቹን ለየባለቤቱ መልሰናል። የክንዱ ብቻ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ ጫፉ ተተልትሎ ስለነበር ልጠግንለት ብዬ ነው። ብቻህን ለምትኖር ሙሉ መደብ ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ለፋሲካ ከወገራ እናት ትመጣልኛለች አለኝ።

የእሱ እናት በጣሊያን ጊዜ ነው የሞተችው።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ምርቃትሽን የምትጠብቅ ልጅሽ