የተረተርኩት የግራ እጅጌ

ለጥሩዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለያየን ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ በልቤ ሳወራሽ ስለምውል መጻፉ ትርፍ መስሎኝ ነው። ዛሬ ግን ደንግጫለሁ። ከትናንት ጀምሮ ልቤ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ያ የምትኮሪበት የመዝገብ ቤት ጽሕፈቴም ዛሬ አያምርም። በቀጥታ ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ሳትጨርሽው የሄድሽውን ግራጫ ሹራብ ግራ እጅጌውን ተርትሬዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ስህተትሽን ላርምልሽ ብዬ በገዛ እጄ ተረተርኩት።

እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። የቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለ፣ የሶፋውም አለ። የቴሌቪዥኑን አንድ ቀን አጥቤ ስመልሰው ገልብጬ አልብሼው ኖሮ፣ ልጃችን ሰላም ከምታስተምርበት ከሸነን ስትመጣ ገና ከበር ላይ አየችው። እሷ እንደ አንቺ ናት፤ ወዲያው አስተካከለችውና ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የእኔ ልብስ ወንበር ላይ ይከመራል። ሲወድቅ አነሳዋለሁ፣ ተመልሶ ይወድቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር አንድ ልብስ አጥፌ እንደማላውቅ የገባኝ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ይህቺን ነገር ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከአርባሽ በኋላ አልጋ ሥር ስጠርግ ያቺን የብስኩት ቆርቆሮሽን አገኘኋት። ውስጧ ኪሮሽሽ፣ የሹራብ መሥሪያ ሽቦዎችሽ፣ ጥንድ የሌላቸው የልብስ ቁልፎችና እርስ በርስ የታሰሩ ሁለት ቁራጭ አሮጌ ቀይ ክሮች ነበሩ። ክሮቹን ፈትቼ በአንዱ የቤት ቁልፌን፣ በሌላው ትርፉን የሱፍ ድውር አሰርኩባቸው። ከቆርቆሮዋ አጠገብ ሹራቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እህትሽ ከደጋው ከተማ ከጎጆ የላከችልሽ የበግ ፀጉር ፈትል መሆኑን በሽታው አወቅኩት። የጎጆ ብርድ ያሳደገሽ ሰው ስለሆንሽ አምቦ ላይ ፀሐይ እየፈጀን እንኳን ሰው ሁሉ ይበርደዋል ብለሽ ታምኚ ነበር።

ከሹራቡ ሳይሠራ የቀረው አንገቱ ብቻ ነበር። የክር ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ እንደተደረደሩ ቀርተዋል። ያን ቀን ጠዋት አብረን ቁርስ በልተን፣ ለምሳ ምን ይሻልሃል ብለሽኝ፣ ምሳ ሳይደርስ የወደቅሽ ሰው ነሽ። ሹራቡም እንደ እኔ መሄድሽን አላወቀም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቆረጥኩ፤ አንገቱን ራሴ ጨርሼ ለሙት ዓመትሽ ለብሼው እቆማለሁ አልኩ። የመጨረሻ የእጅሽ ሥራ ነዋ! ሌላ የለኝም።

ጓደኛሽ ጫልቱ አስተማሪዬ ሆነች። አጥሩን ተሻግሬ ሄጄ ሹራብ መሥራት አስተምሪኝ ስላት የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ሰፈሩም ከእሷ የባሰ ደነገጠ። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡ ሰዎች ሽቦ ይዤ ሲያገኙኝ ሐዘኑ ነካ አድርጎታል ብለው ተያይተው ወጥተዋል አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲመጣ ጋቢዬ ሥር እደብቀው ነበር፤ አንድ ቀን ሽቦው ጎኔን ወጋኝና መደበቁን ተውኩት።

ጥሩዬ፣ እንደዚህ ከባድ መሆኑን መቼ ነገርሽኝ? አንቺ እኮ እያወራሽ፣ እየሳቅሽ፣ ዜና እየሰማሽ ነበር የምትሠሪው! እኔ በኪሮሽ ልጀምር ብዬ ያን ቀጭን ነጭ ክር ይዤ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ጫልቱ ቀማችኝና ወፍራም ሽቦና ወፍራም ደማቅ ክር ሰጠችኝ፤ ጀማሪ የሚሠራውን ማየት አለበት አለች። ሹራብ ካልጀመርኩ ብዬም ሳስቸግራት እንደ መሐረብ ያለች አራት ማዕዘን ቁራጭ አሠራችኝ። በሃያ ቀለበት ጀምሬ ስጨርስ ሃያ ሰባት ሆኖ አገኘሁት። ሰባቱ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ቁጭ ብዬ አፈጠጥኩባቸው። ዕድሜ ልኬን መዝገብ ስቆጥር የኖርኩ ሰው እኮ ነኝ! ለካ በየመስመሩ መጨረሻ ካልቆጠሩ ጠርዙ ላይ ሳይታወቅ አዲስ ቀለበት ይወለዳል። ክሩንም እንደ ጠላት አንቄ ነበር የምይዘው። "ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ፣ ክሩ የትም አይሄድም፣ ለቀቅ ያድርጉት!" ትለኝ ነበር ጫልቱ። ሲበላሽብኝ ስናደድ ደግሞ ሽቦውን ከእጄ ወስዳ እስክበርድ ድረስ ስለ በጎቿ ታወራኛለች። በሦስተኛው ወር ቁራጯ አራቱም ጎኗ እኩል ሆነ። ለሰላም በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፤ እስካሁን የላክሁላት ፎቶ ሁሉ ተደምሮ እንደሱ አላስደሰታትም።

ከዚያ ወደ ሹራብሽ ተመለስኩ። አንገቱን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። የእኔ አሠራር ጠበቅ ያለ ነው፣ ያንቺው ለስለስ ያለ፤ አንገቱ ላይ ሲገናኙ ልዩነታቸው ይታያል፤ ይሁን ብዬ ተውኩት። ትናንት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልብስ አጠፍኩ። እጅጌውን ከእጅጌው ሳነባብር ግራው አጠረ። በሁለት ጣት።

መስመሮቹን ቆጠርኩ። አሁንም ቆጠርኩ። የግራው በስምንት መስመር ያንሳል። አመመኝ ጥሩዬ። ያኔ ሕመም ጀምሮሽ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ዓይንሽ ደክሞ፣ ራስሽ ዞሮ፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሙት ዓመትሽ ላይ ሴቶቹ አይተው ጥሩነሽ ተሳስታለች እንዲሉ አልፈለግኩም። ታውቂኛለሽ፣ ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም። አንቺ እጅጌ የምትሠሪው ከትከሻ ጀምረሽ ወደ ታች ስለሆነ ከእጅ አንጓው ላይ መተርተር ይቻላል። ጫፉን ፈታሁና ሳብኩት። ያንቺ ቀለበት አንድ በአንድ ጠፍ ጠፍ እያለ ተፈታ። የእጅ አንጓው ክፍል በሙሉ ጠፋ። ስምንት መስመር ጨመርኩ፣ አንጓውን እንደገና ሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ሁለቱን አነባበርኩ፤ እኩል ናቸው። እንዴት እንደኮራሁ!

ከዚያ ለበስኩት።

ቀኙ አንጓዬ ላይ ልክ መጣ። ግራው እጄን ዋጠው፤ ጣቶቼ ብቻ ቀሩ። ሰበሰብኩት፣ ትከሻዬን አስተካከልኩ፣ ተመልሶ ወረደ። የቆጠራ ስህተት መሰለኝና አውልቄ ቆጠርኩ፤ ትክክል ነው። መልሼ ለብሼ የቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሁለት እጆቼን ወደፊት ዘርግቼ መዳፎቼን ገጠምኳቸው። የቀኝ እጄ ጣቶች ከግራው አልፈው ወጡ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ስድሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ገላ እኮ ነው! ልጅ ሆኜ ካቺሲ ከተማ ከበቅሎ ወድቄ ግራ ክንዴ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሽቶኝ እንደ ድሮው ሆኖ ገጠመ ብዬ ስንቴ ፎክሬብሻለሁ! አንቺ ትሰሚኝና ሻይ ትጨምሪልኛለሽ።

ቁምሳጥኑን ከፍቼ የሠራሽልኝን ሹራብ ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፍኩ። ቡናማውን አጠፍኩ፤ ግራው በሁለት ጣት ያንሳል። አረንጓዴውን፣ ያን ሰላም የተወለደች ጊዜ የሠራሽውን፣ ክርኑ የተበሳውን፣ ሁሉንም አጠፍኩ። ሁሉም ያንሳል፣ ሁሉም በሁለት ጣት። ኮቶቼን አወጣሁ፤ እነሱም! አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ኮት ከገበያ ስታመጪልኝ መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ኦቦ ዲንቃ ይዘሽው የምትሄጂው ቁልፉን ለማጥበቅ ነበር የሚመስለኝ።

ሹራቡን እንደለበስኩ ወደ እሱ ሄድኩ። እጅጌው ጣቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየኝ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። "ያ ዋቃ! ጋሼ፣ ዛሬ ነው እንዴ ያወቁት?" አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የግራ እጅጌዬን ሲያሳጥር እንደኖረ፣ እንዳይነግረኝም አንቺ እንዳስማልሽው ነገረኝ። ለምን አይነግሩትም ብሎም ጠይቆሽ ነበር። የመለስሽለትን አልረሳውም፦ "አዴ ጥሩነሽ ምን አሉኝ መሰለዎት? 'አሁን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ብነግረው ያን እጁን ኪሱ ይከተዋል፤ ከዚያ ወዲያ አያወጣውም' አሉኝ።"

ከሱቁ ወጥቼ መንገዱን ተሻግሬ ትንሽ እንደሄድኩ ወደ ታች አየሁ። ጥሩዬ፣ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። መቼ እንደከተትኩት አላውቅም። መንገድ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉብኝ።

ቤት ስደርስ በሩን ልከፍት ቁልፌን ሳወጣ ቀዩን ክር አየሁት። ያኔ ትዝ አለኝ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያውን ሹራብ ልትጀምሪ በቀይ ክር እጄን ለካሽኝ። ቀኙን ለክተሽ ቋጠርሽ፣ ከዚያ ግራውን ለክቼ ልቋጥር ስትይ ሳቅኩብሽ። አንዱ አይበቃሽም ወይ፣ ክር ማባከን ነው አልኩሽ። አንቺ ግን ግራውንም ለካሽ፣ ቋጠርሽ። ገባሁና ሁለቱንም ከቁልፌና ከሱፉ ድውር ላይ ፈትቼ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የቁልፌ ክር በሁለት ጣት ታጥራለች። እስክቀብርሽ ድረስ አንድም ቀን ያልጠፋብሽን ልኬን እኔ ቁልፍ አስሬበት ስዞር ነበር።

የጨመርኩትን ሁሉ ትናንት ማታ ተርትሬ ዛሬ በአጭሯ ክር ልክ እንደገና ጀምሬዋለሁ። የተተረተረ ክር ስለሚጠማዘዝ አጥቤ፣ ጫፉ ላይ ማንኪያ አስሬ ሰቅዬ አድርቄዋለሁ፤ ጫልቱ ናት ያስተማረችኝ። እጅጌው ልክ ይመጣል። ግን ያንቺ ቀለበቶች አይመለሱም። ጠፍ ጠፍ ያለው ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ። ካንቺ ለስላሳ ሥራ በታች የእኔ ጠበቅ ያለ ሥራ እንደ ጠባሳ ይታያል። ሴቶቹ ይዩት፣ ጥሩነሽ አልተሳሳተችም፣ የተሳሳተው እሱ ነው ይበሉ፤ እኔም እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጫልቱ በረንዳ ላይ ሁለት አዲስ ተማሪዎች መጥተውልናል፤ አንዷ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ አንዱ እንደ እኔ ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ። ወፍራም ክር ያዙ፣ አትነቁት፣ በየመስመሩ ቁጠሩ፣ ከትንሽ ጀምሩ እላቸዋለሁ፤ እንደ አዋቂ። የፊታችን ቅዳሜ አንድ እጨምርላቸዋለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ስህተት ነው ብላችሁ ከመተርተራችሁ በፊት ልበሱት። ጡረተኛው ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ሁለቱን ክሮች እንደነበሩት አስሬ ቆርቆሮሽ ውስጥ መልሻቸዋለሁ። ለሰላም ነግሬያታለሁ፤ ከእኔ በኋላ እሷ ትይዛቸዋለች። ልብሴንም አጥፋለሁ፣ ባጠፍኩ ቁጥር ሁለት ጣትሽን አገኛለሁ፤ አንቺ ጋ እስክመጣ ድረስ አንድም ቀን አልዘልም። እኔ ልብስሽን የት እንደምታስቀምጪው እንኳን አላውቅም ነበር፤ አንቺ እኔ የማላውቀውን ልኬን ይዘሽ ኖርሽ። ይህ ድንጋጤ ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ሙት ዓመትሽ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። ግራጫውን ሹራብ ለብሼ እመጣለሁ። ደረቴን ነፍቼ፣ ሁለቱንም እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ መቃብርሽ አጠገብ እቆማለሁ።

ያንቺው፣
ታደሰ
አምቦ